መብራት ያዡ ጋሽ ኤዶሳ

ማሽን በተከፈተበት ቦታ ሁሉ ሁለት ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ይጠግናል፣ አንዱ መብራት ይይዛል። የሚጠግነው ተጠርቶ ነው የሚመጣው። መብራት የሚይዘው ግን ጥሪ አይጠብቅም። የመጀመሪያዋ ብሎን ስትላላ ሽታው ይደርሰዋል መሰል፣ ዘወር ስትል ከኋላህ ቆሟል። ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ይሁን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ትንሽ ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ "እስቲ ላብራልህ" ይላል። ከዚያች ቃል ወዲያ ሥራው የሁለት ሰው ነው። ቢበላሽ ግን ያንተ ብቻ ነው።

የእጅ ሙያ ያለው ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል። የያዘው መብራት የባለሙያው እጅ ባለበት ላይ አርፎ አያውቅም፤ የሚያርፈው የራሱ ዓይን ባለበት ላይ ነው። አንተ ብሎን ስትፈልግ እሱ ቱቦ ያያል። አንተ ቱቦውን ስትይዝ እሱ ጣሪያው ላይ የሸረሪት ድር አይቶ ስለ ቤት አጠራረግ ይጀምራል። ሲያወራ እጁን ያወናጭፋል፤ መብራቱም አብሮት ከግድግዳ ግድግዳ ይሮጣል።

የዚህ ማኅበር አባል በየአገሩ አለ። በሴንት ፖል ከተማ ግን የማኅበሩ የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር ክቡር ጋሽ ኤዶሳ ነበሩ። ጠጋኙ ደረሰ ይህን እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

ዘመኑ ባቡሩ ገና ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ሳይዘረጋ፣ ሰው ሁሉ አሥራ ስድስት ቁጥር አውቶቡስን እየጠበቀ አፍንጫው የሚቀላበት ነበር። ሞባይል ሲታጠፍ ቀጭ ይል ነበር። አገር ቤት የሚደወለው በካርድ ነው፤ ካርዱን በሳንቲም ፍቀህ፣ ያን ሁሉ ቁጥር ነካክተህ፣ የሰላምታው ጉንጭ መሳሳም ሳያልቅ መስመሩ ይቋረጣል። ደረሰ ያኔ ወጣት ነው። አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ኤሌክትሪክ ተምሯል፤ እዚህ ደግሞ ኮሌጅ ገብቶ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሙያ ጨምሮበት ለአንድ ትንሽ ካምፓኒ ቫን ድራይቭ ያደርጋል። ቅዳሜና እሑድ የአገሩን ሰው ቤት ይዞራል። በዞረበት ሁሉ መብራት የሚይዝ ሰው ገጥሞታል። እንደ ጋሽ ኤዶሳ ግን ማንም ተዘጋጅቶ አልጠበቀውም።

ጋሽ ኤዶሳ አገር ቤት የመንግሥት ጋራዥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ስለዚህ የማንኛውንም ዕቃ ስም ያውቃሉ፤ አንዱንም ገጥመው አያውቁም። ሴንት ፖል መጥተው ዳውንታውን ካለ ፓርኪንግ በር ላይ በትንሽ መስታወት ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጠው ጡረታ ወጡ። ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ገባ ብሎ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ገዝተው ከባለቤታቸው ከእትዬ እታፈራሁ ጋር ይኖራሉ። መብራታቸውን ከአንድ የጓሮ ሽያጭ ነው ያገኙት፤ አምፖሉ በሽቦ ቅርጫት የተከለለ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው፣ ገመዱ ከቤዝመንት እስከ ጎረቤት የሚደርስ የጋራዥ መብራት ነው። ጎረቤቱ ላኦሳዊ ሽማግሌ የበረዶ መጥረጊያውን ሲከፍት ጋሽ ኤዶሳ ያን ገመድ ጎትተው አጥሩ ጋ ይደርሳሉ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም። ማሽኑ ፊት ለፊት ግን ለሰዓታት ይግባባሉ። እትዬ እታፈራሁ በመስኮት እያዩ፣ "ኤዶሳ መብራት ካልያዘ እጁን ይበርደዋል" ይላሉ።

የሚናገሯቸው ቃላት የታወቁ ናቸው። ሥራ ሲጀመር "እስቲ ላብራልህ።" መሐል ላይ "ይኼ ነገር ከምድር ነው"፤ ጥፋቱ የምድር ሽቦ ነው ማለታቸው ነው። መኪናም ሬዲዮም የእትዬ እታፈራሁ ጉልበትም ሲታመም ከምድር ነው። ባለሙያው ላብ ሲያጠምቀው "አይዞህ፣ አለሁ።" ነገሩ ሲሳካ ደግሞ ወደ መብራታቸው እያዩ፣ "መሎ! ሳይታይ ይሠራል እንዴ?" ያቺ "መሎ" ከወለጋ አብራቸው የመጣች ናት፤ "ታዲያስ" እንደ ማለት ስትሆን ክርክር ሁሉ በእሷ ይዘጋል።

የፈርነሷ ነገር የተጀመረው በረዶው በከበደበት ኅዳር ላይ ነው። ፈርነስ ቤዝመንት ተቀምጣ፣ ጋዝ እያነደደች ቤቱን በሙሉ የምታሞቅ ማሽን ናት። ሚኒሶታ ውስጥ እሷ የሌለችበት ቤት ቤት አይባልም። ጋሽ ኤዶሳ "እሷ" ስለሚሏት ደረሰም እንዲሁ ማለት ለምዷል። እሷም ሦስት ቀን ደህና ትሠራለች፣ በአራተኛው መሐል ላይ ዝም ትላለች፤ ሰው ካፖርት ደርቦ ሲቀመጥባት ደግሞ ራሷ ትነሳለች። ጨርሶ የሞተ ማሽን ለባለሙያ በረከት ነው፤ የሞተበትን ፈልጎ ይቀይራል። እየሞተ የሚነሳ ማሽን ግን ሐሰተኛ ምስክር ነው። አንተ ፊት ሌላ ይናገራል፣ ስትሄድ ሌላ።

ደረሰ ሲጠራ ቤዝመንቱ ለጳጳስ የተሰናዳ ይመስላል። ወለሉ ተጠርጎ፣ የሚንበረከክበት ካርቶን ተነጥፎ፣ መብራቱ አስቀድሞ በርቶ ፈርነሷ ፊት ተንጠልጥሏል። "ባለሙያ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ጨለማ ውስጥ አይገባም" ይላሉ ጋሽ ኤዶሳ። ከደረጃው ሥር ደግሞ ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ትልቅ ፍሪዘር አለ። ደረሰ ቴስተሩን፣ ካቻቢቴውንና ፒንሳውን የሚደረድረው እሱ ላይ ነው፤ ከወገብ ከፍ ስለሚል ለዕቃ ይመቻል።

ስለዚህ ፍሪዘር ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ጋሽ ኤዶሳ የቅርጫ አለቃ ናቸው። በዓል ሲደርስ ከጓደኞቻቸው ጋር ከከተማ ወጥተው ከአንድ ገበሬ በሬ ይገዛሉ፤ ያርዳሉ፣ መድበው ዕጣ ይጣጣላሉ። ሰዎቹ አብዛኞቹ ኒው ሆፕ አፓርታማ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ፍሪጃቸው የአንድ ዶሮ ያህል ቦታ ብቻ አለው። ስለዚህ የሁሉም መደብ በየከረጢቱ ስም ተጽፎበት ጋሽ ኤዶሳ ቤዝመንት ያርፋል። ባለ ሥጋው በፈለገው ቀን መጥቶ፣ ሰላም ብሎ፣ ሻይ ጠጥቶ ድርሻውን ያወጣል። ቤቱ በዚህ ምክንያት ሰው ተለይቶት አያውቅም።

የመጀመሪያ ቀን ደረሰ ሲደርስ ፈርነሷ እየነደደች ነው። ፊልተሯን ቀየረ፣ እሳቱን የሚያውቀውን ዘንግ በሸካራ ወረቀት ፈትጎ አጸዳ፣ ተመረቀና ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ኤዶሳ ደወሉ፤ ቆማለች። ሁለተኛ ሲመጣ አሁንም ትነድዳለች። ጋዙን የሚለኩሰው፣ እንደ ምድጃ ጠመዝማዛ የሚግለው ዕቃ የደከመ መሰለውና ቀየረው። እሷም እንደ አዲስ ሙሽራ አሳመረች። በሳምንቱ ቆመች። ሦስተኛ ሲመጣ ቦርዷ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠቋሚ መብራት አፍጥጦ ጠበቀ። ይህች ጠቋሚ ብልጭ ድርግም እያለች ጥፋቱን ትቆጥራለች፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ከተቋረጠባት ሁሉን ትረሳለች። ምንም አልነገረችውም። ይህ ራሱ ነገር ነበር፤ ደረሰ ያኔ ልብ አላለውም። ጋሽ ኤዶሳ በበኩላቸው መብራቱን ጣሪያው ላይ አሳርፈው ስለ ምድር ሽቦ ይናገሩ ነበር።

"እኔ ልንገርህ?" አሉት በመጨረሻ። "እንግዳ ትጠላለች።"

"ማን?"

"እሷ። ሰው ሲበዛ ታኮርፋለች። ባለፈው የቅርጫ ማኅበርተኞቹ ሲመጡ ቆመች። የቡራዩው ልጅ ሥጋውን ሊወስድ ሲመጣ ቆመች። ለብቻችን ስንሆን ደህና ናት። ከእንግዳ የምትወደው አንተን ብቻ ነው።"

ደረሰ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መብራቱን ፈርነሷ ላይ ሰቅለው ካርቶኑ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ መብራት ያዥ መብራቱን ከሰቀለ ነገር አለ ማለት ነው።

ነገሩ ልጃቸው ኢቢሴ ነበረች። ኢቢሴ ከከተማ ወጣ ያለችው ዉድበሪ ነው የምትኖረው፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። አንድ ማለዳ እናቷን ለመጠየቅ ስትገባ እትዬ እታፈራሁ ሁለት ጋቢ ደርበው፣ የምድጃውን በር ከፍተው ፊቱ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እናቷ አስም አለባቸው። ኢቢሴ አልጮኸችም፤ እንደሷ ያለ ሰው ሲቆርጥ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዉድበሪ ባለው ቤቷ ታች ያለውን ክፍል ሪሞደል አስደርጋ ጨርሳለች፤ አልጋው ገብቷል። ፈርነሷ አንድ ጊዜ ብትደግም አባትና እናት ይዛወራሉ፣ ቤቱም ይሸጣል። ጋሽ ኤዶሳም እሺ ብለዋል፤ እምቢ የሚሉበት መንገድ አልነበራቸውም።

"ቤቷ ቆንጆ ናት" አሉት ለደረሰ። "ሁሉ ነገር አዲስ ነው። ስትነካው ድምፅ የለውም። አንድ ነገር አይበላሽም፤ ቢበላሽም ዋራንቲ አለው፣ ስልክ ይደወላል።" ወደ ሰቀሉት መብራት አዩ። "አውቶቡስ የለ፤ ጎረቤት በመኪና ገብቶ ጋራዡን በላዩ ይዘጋል። ሰዉስ ሥጋውን ይዞ ዉድበሪ ድረስ ይመላለሳል? እኔ እዚያ ምን ልይዝ ነው?"

ደረሰ ያን ቀን የቻለውን ሽቦ ሁሉ አጥብቆ፣ የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ቀይሮ ሄደ። ቫኑ ውስጥ ሆኖ አሰበው። አንድን ሰው ከቤቱ የሚያስወጣ ጥፋት እጁ ላይ እየተንሸራተተ ነው፤ እሱ ባለበት ደግሞ ብቅ አይልም።

የገና በዓል መጣ። በጋሽ ኤዶሳ ቤት ገና ማለት የበሬው ሥጋ ገብቶ፣ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ በልቶ፣ ሲወጣ ድርሻውን ይዞ የሚሄድበት ቀን ነው። ደረሰም ተጋብዞ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ መጣ። ያን ቀን ባለሙያ አልነበረም፤ እንግዳ ነበር። ስለዚህ ቤዝመንቱ አልተሰናዳለትም፤ ካርቶንም አልተነጠፈም፣ መብራቱም ሚስማሩ ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሎ ነበር። ጋሽ ኤዶሳ ያለ መብራት እጃቸው የማን እንደሆነ ጠፍቷቸው አንዴ ኪሳቸው ይከቱታል፣ አንዴ ከኋላ ያጣምሩታል። ዓይናቸው ወለሉ ላይ ካለው የሙቀት ማውጫ አልተነቀለም። ሙቁ አየር ይወጣል። ኢቢሴም ሶፋው ጫፍ ላይ ሆና እሱኑ ታያለች።

ምሳ ከተበላ በኋላ እትዬ እታፈራሁ ደረሰን ጠሩና፣ እግሩ የቀለለ እሱ ስለሆነ ከታች የአንድ ማኅበርተኛ ከረጢት እንዲያወጣ ላኩት። ደረሰ ወረደ። ዳንቴሉን ገለጠ፣ ፍሪዘሩን ከፈተ፣ ከረጢት እያገላበጠ ስም ሲያነብ ቆየ፣ አገኘ፣ ከደነ። ያን ጊዜ ፈርነሷ ለመነሳት እያጉረመረመች፣ መለኮሻዋ መጋል ጀምሮ ነበር። ፍሪዘሩ ሙቀት ስለገባበት ጉርር ብሎ ተነሳ። ፈርነሷ ጭልም አለች።

ደረሰ የበረዶ ከረጢት እንዳቀፈ ቆመ። ጣቱ እስኪደነዝዝ ቆመ። ፈርነሷ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሞከረች፤ ፍሪዘሩ እያጉረመረመ ነውና ደግሞ ጭልም አለች። ሦስተኛውንም ሞክራ ሳይሆንላት ሲቀር ራሷን ዘጋች። ደረሰ ያን ሁሉ ቀን ዕቃውን የደረደረበት ፍሪዘር እንዲህ ሲጮህ አንድ ጊዜ እንኳ ሰምቶት አያውቅም። ለምን እንዳልሰማው ግን ገና አልገባውም።

የገባው ጋሽ ኤዶሳ በደረጃው ሲንደረደሩ ነው። አየሩ መቆሙን ከላይ አይተዋል። አንድ ቃል ሳይናገሩ መብራታቸውን ከሚስማሩ አወረዱ፣ ፍሪዘሩ ኋላ ጎንበስ አሉ፣ የፍሪዘሩን ስፒና ሊነቅሉ እጃቸውን ሰደዱ።

"ጋሽ ኤዶሳ፣ አይንቀሉት።"

ቀና አሉ። በሕይወታቸው መብራት አያብሩ ያላቸው ሰው አልነበረም።

"ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚሰኩት?"

"ታዲያ የት ልሰካ? የፍሪዘሩ ስፒና ወደ ታች የታጠፈ ነው፣ የታችኛውን ቀዳዳ ይሸፍናል። እሱ ሳይወጣ መብራቱ አይገባም።"

"እኔ ስመጣ ሁልጊዜ ይነቅሉታል?"

"መሎ! በጨለማ ልትሠራ ነው?"

"ሥጋውስ?"

"አንድ ሰዓት ቢያርፍ ሥጋው አይሞት። አንዴ ሞቷል።"

ደረሰ ከረጢቱን አስቀመጠ። ሦስት ጊዜ የመጣበት፣ ሦስት ጊዜ ዕቃ የቀየረበት ጥፋት፣ ለእሱ ክብር ሲባል ከመድረሱ በፊት ተነቅሎ ይቆየው ነበር። እሱ ሲሄድ ደግሞ መብራቱ ይወጣና ፍሪዘሩ ይመለሳል። ሊስቅ ፈለገ። ሳቁን የመለሰው ከደረጃው ላይ የመጣ ድምፅ ነው።

"አባ" አለች ኢቢሴ፣ እጇን አጣምራ። "ቆማለች አይደል?"

ጋሽ ኤዶሳ መብራቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ምድርም፣ አይዞህም፣ መሎም የለ።

ደረሰ ኢቢሴን ወደ ታች እንድትመጣ ለመናት፤ አንድ ነገር ብቻ እንድታግዘው፣ ከዚያ በኋላ የፈለገችውን ዲሳይድ እንድታደርግ። ቴስተሩን ከቫኑ አምጥቶ ወደ ፈርነሷ የሚገባው ሽቦ ላይ አደረገና የቮልቱን ቁጥር አሳያት። ከዚያ ፍሪዘሩን እንድትነቅል ጠየቃት። ቁጥሩ ደህና ነው፣ መቶ ሃያ። እንድትሰካው ጠየቃት። ፍሪዘሩ ጉርር ሲል ቁጥሩ ሰማንያ ገባ። ኢቢሴ ራሷ ነቀለች፣ ራሷ ሰካች፣ ደግማ ነቀለች። የበሽተኛ አልጋ ዳር እንደቆመች ሁሉ ፊቷ ተለወጠ።

"እንዲህ ያለ ፔሸንት አለን" አለች። "ክሊኒክ ሲመጣ አስተኝተን እንለካዋለን፣ ፕሬሸሩ ኖርማል ነው። ቤቱ ሄዶ ብድግ ሲል ይወድቃል።"

"እሱ ነው። እኛም አስተኝተን ነው ስንለካት የከረምነው።"

የቀድሞው ባለቤት ለፈርነሷ ብቻ በተዘረጋ መስመር ላይ ሶኬት ጨምሮ ነበር። ኤሌክትሪኩ ከብሬከሩ ሲመጣ መጀመሪያ ሶኬቱ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ እሷ ይሻገራል። ሶኬቱ ውስጥ ላላ ያለ ነገር ካለ አምፖል አይከብደውም፤ ያን የሚያህል ፍሪዘር ሲነሳ ግን ለእሷ የሚተርፍ የለም። ደረሰ እንዲህ ገመተ። ለማየት ብሬከሩን መዝጋት ነበረበት፤ የቤዝመንቱን ጣሪያ መብራትም ሰውዬው ከዚያው መስመር ቀጥሎታል። ዘጋው፤ ጨለመ። የቴስተሩ ቁጥር እንኳ ጠፋ።

ደረሰ በጨለማው ውስጥ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወረወረና እንዲህ አለ፣

"ጋሽ ኤዶሳ፣ እስቲ ያብሩልኝ።"

እትዬ እታፈራሁ ከደረጃው ራስ ሆነው የገመዱን ጫፍ ተቀብለው ላይ ወጥ ቤት ሰኩት። መብራቱ በራ። ደረሰ በሱፍ ሱሪው ባዶ ወለል ላይ ተንበረከከ፣ ሶኬቱን በካቻቢቴ ፈቶ ከግድግዳው ጎትቶ አወጣ። ከብዙ ዓመት ትዝታው ውስጥ ያ ቀን የተለየ ነው፤ ብርሃኑ እጁ ላይ ነበር። ጣቱ ሲዞር ይዞራል፣ ሲያዘነብል ያዘነብላል፣ ጥላ የሚባል አልነበረም። ቀና ብሎ አየ። ጋሽ ኤዶሳ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ሕፃን እንደሚያጠምቁ ሁሉ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ማውራት ትተዋል።

ሽቦዎቹ በብሎን መታሰር ሲገባቸው ከኋላ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ተወትፈው ብቻ ቀርተዋል። አንዱ ሲነካ ወጣ። ዙሪያው ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ተጨማድዷል። ኢቢሴ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ወደ ኋላ ተመለሰች። ጥቂት ቢቆይ ከብርድ የባሰ ነገር ይመጣ እንደነበር ማንም አልነገራትም፤ አላስፈለጋትም። ደረሰ የተቃጠለውን ቆርጦ ጣለ፣ መስመሩን በቀጥታ ለፈርነሷ ብቻ አሰረ፣ ሶኬቱን ዘጋ። ፍሪዘሩን ለጊዜው በጠንካራ ኤክስቴንሽን ወደ ሌላ መስመር አዛወረ፤ በሚመጣው ቅዳሜ የራሱን ሶኬት ሊዘረጋለት ተናገረ። ከዚያ ብሬከሩን መለሰ።

ፈርነሷ አጉረመረመች። መለኮሻዋ ጋለ። ፍሪዘሩም ጉርር አለ። ሁለቱ አብረው ሲጮኹ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ። እሳቱ ቧ ብሎ ያዘ። አየር የሚነፋው ብሎወር ተነሳና ከላይ፣ ከሳሎኑ፣ የማኅበርተኛው የእፎይታ ድምፅ በአየር ማውጫው በኩል ተሰማ።

"ይኼ ፊክስ ሆነ ማለት ነው?" አለች ኢቢሴ። "ወይስ አሁን ስለቆምክባት ነው?"

"አሁን ሁሉም ሰው ቆሞባት፣ ፍሪዘሩም እየሠራ ነው የነደደችው" አላት ደረሰ። "አባትሽ እንግዳ ትጠላለች ሲሉኝ ስቄባቸው ነበር። እውነታቸውን ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፍሪዘሩ ይከፈታል። ያኔ ሰምቻቸው ቢሆን ጥፋቱን ያኔውኑ አገኘው ነበር።"

ኢቢሴ አባቷን አየች። አባቷ ልብሳቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ ከመጀመሪያው ቀን ብያለሁ" አሉ። "ከምድር ነው።"

ደረሰ ከምድር ሽቦ እንዳልሆነ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ጋሽ ኤዶሳን አየ፣ ዘጋው። ኢቢሴ ወደ ላይ ስትወጣ ለእናቷ፣ ዉድበሪ ያለውን ክፍል ለእንግዳ እንደምታደርገው፣ ለጊዜው ስለ ቤት ሽያጭ ማንም እንዳያነሳ ስትነግር ተሰማ። እትዬ እታፈራሁ፣ "ኤዶሳ እዚያ ቢሄድ ማይክሮዌቭሽን ይፈታው ነበር፤ አምልጠሻል" አሏት።

ከዚያ በኋላ ፈርነሷ አልቆመችም። የጋሽ ኤዶሳ ስልክ ግን አልቆመም። ድምጿ ተቀየረ፤ ቶሎ ትነሳለች፤ ዘግይታ ትነሳለች፤ እንዲያው ናፍቀሃታል። ደረሰ ይሄዳል። ካርቶኑ ተነጥፏል፣ ፍሪዘሩ በራሱ ሶኬት ላይ እየጮኸ ነው፣ መብራቱ በሌላኛው ላይ በርቷል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ካምፓኒው ለሠራተኛው ሁሉ አዲስ ዕቃ አደለ፤ ግንባር ላይ የሚታሰር በባትሪ የሚሠራ መብራት ነው። ዓይንህ ባየበት ያበራል፣ ሁለት እጅህም ነጻ ነው። ደረሰ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት ያለ እሱ እንደኖረ ገረመው። ያን ሰሞን ጋሽ ኤዶሳ ደውለው ሄደ። አስሮት እንደሆነ ሳያስታውስ በደረጃው ወረደ።

ጋሽ ኤዶሳ መብራታቸውን ይዘው ቆመዋል። ግንባሩን አዩ። ብዙ ጊዜ አዩት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የካምፓኒው ነው።"

"ያበራል?"

ጥያቄው ቀላል ነበር። ደረሰ እጁን ወደ ግንባሩ ላከ፣ ማብሪያውን ነካ፣ እንደገና ነካ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ባትሪው አልቋል" አለ። ፈታና ሳጥኑ ውስጥ ወረወረው።

"የዘመኑ ዕቃ" አሉ ጋሽ ኤዶሳ፣ በሐዘን ሳይሆን በምሕረት። "አይዞህ፣ አለሁ።"

በሚቀጥለው ሲመጣም ባትሪው አልቆ ነበር። ከዚያም በኋላ። ካምፓኒው በየወሩ አዲስ ባትሪ ቢሰጥም፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ገባ ብሎ ያለው ያ ቤት ውስጥ አንዱም በርቶ አያውቅም። ደረሰ ካርቶኑ ላይ ይንበረከካል፤ ጋሽ ኤዶሳ "እስቲ ላብራልህ" ይላሉ፤ ብርሃኑም ጣሪያው ላይ ያለ አንድ የሸረሪት ድር ላይ በክብር ያርፋል። ደረሰም በጥላው ውስጥ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ፣ ብሎኗን በዳበሳ ይፈልጋል።